የሒሳብ ፕሮግራምን ከአሮጌው ኮምፒዩተር ወደ አዲሱ ስለ ማዛወር

በአዳማም ሆነ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች እህል ወይም ሽንኩርት የሚነግድ ሰው፥ የዱቤ ሒሳቡን የሚደምርለት ትንሽ ፕሮግራም በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ቢኖረው፥ መኪናው ከመበላሸቱ በፊት ሊያስብበት ይገባል። ፕሮግራሙ በጥቁሩ ገበታ ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት ብቻ የሚሠራ፥ በዶስ ዘመን የተሰናዳ ነው እንበል። ይህን ወደ ሊኑክስ ማዛወር ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ እንደ መውሰድ ቀላል የሚመስለው ብዙ ነው።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አስቀድሞ፥ ባለሙያዎች ሶርስ ኮድ የሚሉት ዋናው የፕሮግራሙ ጽሑፍ መገኘት አለበት። ይህ ከጠፋ፥ ዶስን አስመስሎ በሚሠራ እንደ ዶስቦክስ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ከማስኬድ በቀር ሌላ ቀላል መንገድ የለም። ጽሑፉ ከተገኘ የፋይል አድራሻዎቹ ይታረማሉ፤ ዶስ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም አንድ ሲያደርግ፥ ሊኑክስ ሁለት አድርጎ ይቈጥረዋልና።

ገንዘብን የሚነካው ሌላ ነው። ዶስ እያንዳንዱን መስመር በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ይዘጋል፤ ሊኑክስ በአንድ። ስለዚህ በመስመሩ መጨረሻ የተጻፈው 1500 ብር ከተረፈው ምልክት ጋር ተጣብቆ ይነበብና፥ አንዳንድ ፕሮግራም ቁጥር አይደለም ብሎ ከድምሩ ያስቀረዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የፊደላችን ጉዳይ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ 20ው የግእዝ አኃዝ ሲጨመር 251። አሮጌው አሠራር የነበረው 256 ቦታ ብቻ ስለ ሆነ፥ ዲቃሎቹም የላቲኑም ፊደል አብረው አይገቡበትም፤ እያንዳንዱም አዘጋጅ በየራሱ ቁጥር ይደለድል ነበር። ዩኒኮድ ለግእዝ ፊደል የጋራ ቁጥር የሰጠው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ይሁን እንጂ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ለከተማ ስም 12 ባይት የመደበ ፕሮግራም «ሻሸመኔ»ን በልኩ ያስገባል፤ «አርሲ ነገሌ»ን ግን «ነ» ላይ ከመካከል ይቈርጠዋል። ስለዚህ ቦታው በባይት ሳይሆን በፊደል እንዲቈጠር ማድረግ ያሻል።

ሥራው ሲያልቅ የአንድ ወር መዝገብ በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ተደምሮ ውጤቱ ይነጻጸር፤ አሮጌውም እስከዚያ አይነካ። በዚያው ጊዜ «ናዝሬት» እና «አዳማ»፥ «ዝዋይ» እና «ባቱ» ተብለው የተመዘገቡት ደንበኞች ቢጣመሩ መልካም ነው፤ ኮምፒዩተሩ አራት ከተሞች ናቸው ይላልና።