የአሮጌ ፒክአፕ መብራት ለምን ይርገበገባል?

የፊት መብራቱ ደመቅ ፈዘዝ ማለት ሲጀምር አብዛኛው ባለመኪና መጀመሪያ የሚጠረጥረው ባትሪውን ነው። አዲስ ይገዛል፤ መኪናው ለትንሽ ጊዜ በደንብ ይነሳል፤ ከዚያ ያው ችግር ይመለሳል፣ አዲሱ ባትሪም ተጎድቶ ይቀራል። በዛሬው የባትሪ ዋጋ ይህ ያንገበግባል፤ ምክንያቱም በአንድ ተራ ዲጂታል ቴስተርና በጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መብራቱን፣ ቴፑንና ማራገቢያውን የሚያንቀሳቅሰው ዲናሞው ነው። ባትሪው ዋና ሥራው ሞተሪኖውን ማዞር ነው፤ ከዚያ በኋላ እሱም ከዲናሞው ይሞላል። በቺንጋ የሚሽከረከረው የዲናሞው የውስጥ ክፍል በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ይደርሰውና ማግኔት ይሆናል፤ በዙሪያው ባለው የመዳብ ጥቅልል ላይም ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ዳዮዶች ይህን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲፈስ ያደርጋሉ። ሬጉሌተሩ ደግሞ ወደ ማግኔቱ የሚሄደውን እየጨመረ እየቀነሰ ቮልቴጁን በልኩ ይይዛል። መብራት ተርገበገበ ማለት ከእነዚህ በአንዱ፣ ወይም እነሱን በሚያገናኘው ገመድ ላይ፣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ እያለ ነው። የድሮ አምፖል ይህን ጨርሶ አይደብቅም፤ ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ስለዚህ ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት ሲመሽ መኪናውን ግድግዳ ፊት ለፊት ያቁሙና የመርገብገቡን ዓይነት ያስተውሉ። በሚኒሞ ፈዞ ነዳጅ ሲሰጡት የሚደምቅ ከሆነ ቺንጋው ላልቶ ወይም ዲናሞው ደክሞ ይሆናል። ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ የሚፈጥን እኩል እኩል መርገብገብ ከሆነ ወደ ዳዮድ ወይም ወደ ካርቦን ያመለክታል። ጉድጓድ ሲገቡ ብቻ ብልጭ ድርግም ካለ የላላ ግንኙነት አለ። አንዱ መብራት ብቻ ከሆነ ዲናሞውን ይተዉት፤ የዚያ መብራት ማሳ ወይም ሶኬቱ ነው የሚፈተሸው። ነዳጅ ሲሰጡት ከልክ በላይ እየደመቀ አምፖል የሚያቃጥል ከሆነ ሬጉሌተሩን ይጠርጥሩ። የናፍጣ ሞተር ጠዋት እንደተነሳ መብራቱ ለአፍታ ቢፈዝ ግን አይደንግጡ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሞተሩ ከተነሳም በኋላ ጥቂት ይቆያሉ፣ የሚስቡትም ብዙ ነው።

አሁን ቴስተሩ። መኪናው አድሮ ከመነሳቱ በፊት የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ባዶ ማለት ይቻላል። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። 12 ነጥብ ምናምን ላይ ቆይቶ ቀስ እያለ ከወረደ ባትሪው እየሞላ አይደለም። ከ15 ካለፈ ደግሞ እየተቃጠለ ነው፣ ውኃውም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪው ምልክት መብራቱንም ይዩ። በብዙ የድሮ መኪኖች ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚያች ትንሽ አምፖል በኩል ስለሆነ፣ አምፖሏ ስትቃጠል ደህናው ዲናሞም ላይሞላ ይችላል።

«አይሞላም» ሲባል ዲናሞውን ፈትቶ ማውረድ የተለመደ ነው። እኔ ግን በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ቀድሜ የምጠረጥረው ማሳውን ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ የሚታሰረው በብሎን ነው፤ ያ ብሎን ደግሞ ለዓመታት ጭቃና ዘይት ሲጠጣ የኖረ ነው። ላዩን ሲያዩት የጠበቀ ይመስላል። ሲፈቱት ከቀለበቱ ሥር ቡናማ ዝገት ተጋግሮ ይገኛል፤ የገመዱን ፕላስቲክ ጫፉ ላይ ሰንጠቅ ሲያደርጉት መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ 10 አምፔር ያህል ይስባሉ። በዚህ ዝገት ላይ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢኖር ሙሉ 1 ቮልት እዚያው ይቀራል።

ይህን ለማወቅ ምንም መፍታት አያስፈልግም። ሞተሩ ተነስቶ መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ፣ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ተበላሽቷል። በዲናሞው ወፍራም ገመድ መውጫና በባትሪው ፖዘቲቭ መካከልም እንዲሁ ይለኩ፤ እዚህ ግማሽ ቮልት ከደረሰ በዚያ መስመር ላይ የላላ ወይም የዛገ ነገር አለ። ፈትቶ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ማጥበቅ፣ ግሪስ መቀባት፤ ብዙ ጊዜ ጥገናው በዚህ ያልቃል።

የድሮ ቶዮታ ሃይሉክስ ናፍጣ፣ 2ኤል ወይም 3ኤል ሞተር ያለው፣ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለው። የዲናሞው ጀርባ ላይ ለፍሬኑ ሰርቮ የሚያገለግል የቫኪዩም ፓምፕ ተቀጥሏል፤ ፓምፑ የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ነው። ኦይል ሲሉ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ዘልቆ ካርቦኖቹን ያጨማልቃል። ሲሉ ሳይለወጥ ካርቦን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ዲናሞው ራሱ የሚለወጥ ከሆነም ፓምፕ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያለ ፓምፕ ከተገጠመ ፍሬኑ ይደርቃል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ በርቶ እያለ የባትሪውን ማሰሪያ የሚያነሱ መካኒኮች አሁንም አሉ። ባትሪው ድንገት ሲለይ ዲናሞው ለቅጽበት በጣም ከፍተኛ ቮልቴጅ ይለቃል፤ ደህና የነበረውን ዳዮድና ሬጉሌተር፣ አንዳንዴም ቴፑን ጭምር፣ ያቃጥላል። እጁን ወደ ማሰሪያው ሲልክ ካዩ ያስቁሙትና ቴስተሩን ያቀብሉት።