እህልን በእህል ላይ የመዝራት ልማድና የአፈር ሽፋን ሰብል ሚና

እንደሚታወቀው ሁሉ ዳቦ በከተማ ቢጋገርም የሚወለደው በማሳ ላይ ነው። ሠራተኛው ከፈረቃ ወጥቶ ወደ ዳቦ መሸጫው ሲያመራ፣ የየሰፈሩ ነዋሪም ተሰብስቦ ስለ ኑሮ ውድነት ሲወያይ፣ ጥያቄው ሁሉ በዋጋው ላይ ያተኩራል። ከዋጋው በስተ ጀርባ ያለው አፈር ግን ሳይነሣ ይቀራል። እኛም ዛሬ ይህንኑ የተዘነጋ ጥያቄ ለማንሣት እንወዳለን።

በአርሲና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች ስንዴን በስንዴ፣ ገብስን በስንዴ ላይ እያከታተሉ መዝራት ሥር የሰደደ ልማድ ነው። እህሉ በታጨደ ቁጥር ከአፈሩ ናይትሮጅን ተጭኖ ይሄዳል። የሥር በሽታዎችና እንደ ሙጃ ያሉ አረሞችም በዚያው ማሳ ከዓመት ዓመት ይበረታሉ። ጉድለቱን ለመሙላት አርሶ አደሩ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማዳበሪያ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት በተቀጣጠለበት ዓመት የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ እጅግ ሲንር፣ ንረቱ የዘለቀው እስከ ደጋው ማሳ ድረስ ነበር።

ሳይንስ ለዚህ ችግር ያቀረበው አንዱ መልስ ሰብልን ማፈራረቅና በመካከሉ የአፈር ሽፋን ሰብል መዝራት ነው። ሽፋን ሰብል የምንለው ለጎተራ ሳይሆን በመጀመሪያ ለአፈሩ ሲባል የሚዘራውን ነው። ቅጠሉ የዝናቡን ጠብታ ይቀበላል፤ ሥሩ አፈሩን አቅፎ ይይዛል። ዓይነቱ ከጥራጥሬ ወገን ከሆነ ደግሞ በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይመግባሉ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን ስናስታውስ፣ ሀብቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ይሁን እንጂ ፍሬው ታጭዶ ሲወሰድ አብዛኛው ናይትሮጅን አብሮ ይሄዳል። ተክሉ በአበባው ወቅት ተገልብጦ ሲታረስ ግን ለቀጣዩ ስንዴ ይተርፋል።

ሊሰመርበት የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ትክክለኛ ሐሳብም ያለ ቦታው ሲታዘዝ ወደ ስሕተት መለወጡ ነው። የሶቪየት ኅብረት ታሪክ ለዚህ በቂ ትምህርት ይሰጣል። የአፈር ሊቁ ቫሲሊ ቪልያምስ ሣርንና የመኖ ጥራጥሬን ከእህል ጋር የማፈራረቅ ሥርዓትን አስተማረ። ሥርዓቱ በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣው ታላቅ የተፈጥሮ ለውጥ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ፣ ሣሩ በማይበቅልበት ደረቅ ሜዳ ሳይቀር በትእዛዝ ተስፋፋ። በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክሩሽቾቭ ሥርዓቱን በሙሉ አወገዘው፤ ሣሩ የሚስማማበት ማሳም ተገልብጦ ታረሰ። ሁለቱ ውሳኔዎች ተቃራኒ ቢመስሉም ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ለሁሉም አፈር አንድ መድኃኒት ማዘዝ። በካዛኽስታን ሜዳዎች ነፋሱ የተራቆተውን አፈር ጠራርጎ ሲወስድ፣ መፍትሔውን ያገኙት እንደ አሌክሳንደር ባራየቭ ያሉ የመስክ ተመራማሪዎች ነበሩ። እነርሱም የስንዴው ቆረን መሬቱን እንደ ሸፈነ እንዲቆይ፣ አፈሩም ሳይገለበጥ እንዲታረስ አደረጉ። ባራየቭ በ1972 እ.ኤ.አ. የሌኒን ሽልማትን ተቀበለ።

ወደ ራሳችን ተጨባጭ ሁኔታ ስንመለስ፣ ጥቁሩ የዋልካ መሬት በብዙ ስፍራ ታርሶ ክረምቱን ራቁቱን ያሳልፋል፤ የሚዘራውም ዝናቡ ሲያባራ ነው። አፈሩ ሽፋን በሚያሻው ወቅት ሽፋን አያገኝም ማለት ነው። በሌላ በኩል የጎጃም ገበሬ በደከመ መሬት ላይ ግብጦ ሲዘራ የኖረ ነው። ደጋውም በአገር በቀሉ ማገጥ የታደለ ነው። ስለዚህ ዕውቀቱ ባዕድ አይደለም።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? ማሳው ጠባብ ነው፤ አንድ ወቅት ለአፈሩ የተተወ መሬት የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ከአጨዳ በኋላ ከብቱ በልቅ ይሰማራል፤ የተዘራውን ሽፋን በሬው ቀድሞ ይበላዋል። ዝናብ በሚያጥርበት ስፍራም ሽፋኑ የስንዴውን ውኃ ይሻማል። መሠረታዊው ቅራኔ እዚህ ላይ ነው፦ ወጪውን ዛሬ የሚከፍለው አንድ ገበሬ ሲሆን ጥቅሙን ነገ የሚካፈለው ከተሜውም ጭምር ነው።

በመሆኑም አርሶ አደሩን በምክር ብቻ መወትወት ፍትሕ አይሆንም። እርጥበት ባለበት አካባቢ፣ አፈሩን ሸፍኖ ለከብቱም መኖ የሚሆን የቬች ዘር በወቅቱና በተመጣጣኝ ዋጋ ሊደርሰው ይገባል። ግጦሹንም ማኅበረሰቡ ራሱ መክሮ ሊወስነው ይገባል። የሙከራው ውጤት በየወረዳው ተለይቶ ሊታይ፣ የመጀመሪያው ዓመት ጉድለትም በጋራ ሊሸፈን ይገባል። የዳቦውን ዋጋ የምንጠይቅ ሁሉ የአፈሩንም ዋጋ አብረን እንጠይቅ። አፈሩ ዕዳውን ዝም ብሎ ይመዘግባል፤ በመጨረሻ የሚያስከፍለው ግን ሁላችንንም ነው።