አምስት ቁጥር አረንጓዴ ነው የሚልን ሰው እንዴት እናምነዋለን?

እ.ኤ.አ. በ1965 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ፋይንማን፣ የቤስል ፈንክሽኖችን የያዙ ቀመሮች ሲመለከት ፊደላቱ በቀለም ተሞልተው ይታዩት እንደነበር ጽፏል። «ጄ» ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ «ኤን» ወደ ሐምራዊ ያደላ ሰማያዊ፣ «ኤክስ» ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ ነበሩ። ቀለማቱ በወረቀቱ ላይ የታተሙ አይደሉም። ፋይንማን ይህን ሲናገር አንድ ጥያቄ አክሎ ነበር፤ ይኸውም ያንኑ ቀመር ከሰሌዳ ላይ ለሚገለብጡት ተማሪዎቹ ነገሩ ምን መስሎ ይታያቸው ይሆን የሚል ነው።

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የተነሳ ቢመስልም ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ተመራማሪዎችን ሲያስቸግር የኖረ ነው። ሙቀትን በቴርሞሜትር፣ ክብደትን በሚዛን እንለካለን። አንድ ሰው «አምስት ቁጥር አረንጓዴ ነው» ቢለን ግን እውነቱን ይሁን ቅዠቱን፣ ወይም ለየት ብሎ ለመታየት የፈጠረውን ተረት፣ በምን መሣሪያ እንለየዋለን?

ፋይንማን የገለጸው ክስተት ሲነስቴዥያ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ሲን» አንድ ላይ፣ «አይስቴሲስ» ደግሞ ስሜት ማለት ነው። አንድ ስሜት ሲነካ ሌላ ያልተነካ ስሜት አብሮት ይነሳል። በብዛት ከሚታወቁት ዓይነቶች መካከል ፊደልና ቁጥር፣ እንዲሁም የሳምንቱ ቀናት ስም ቀለም የሚያመጡባቸው ይገኙበታል። የሙዚቃ ድምፅ በቀለምና በቅርጽ የሚታያቸው፣ ቃል ሲሰሙ ምላሳቸው ላይ ጣዕም የሚመጣባቸው፣ ዓመቱን በዙሪያቸው እንደተዘረጋ ቀለበት አድርገው የሚያዩም አሉ። ሪቻርድ ሳይቶዊክ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ጎረቤቱ ቤት ለእራት ተጋብዞ ሳለ፣ ጋባዡ የዶሮው ጣዕም በቂ ሹል ነገር እንደሌለው በድንገት ተናገረ፤ ተናግሮም አፈረ። ለዚህ ሰው ጣዕም በእጅ የሚዳሰስ ቅርጽ ነበረው። ሳይቶዊክ ከዚያ ምሽት ተነስቶ ያደረገውን ምርምር እ.ኤ.አ. በ1993 በመጽሐፍ አሳትሟል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በአማርኛችን «ቀጭን ድምፅ»፣ «ወፍራም ድምፅ»፣ «ጣፋጭ ዜማ» እንላለን፤ ያላማረን ጉዳይም «ይሸተናል»። ይህ ሁሉ የቋንቋ ዘይቤ ነው። «ጣፋጭ ዜማ» የሚል ሰው ምላሱ ላይ ስኳር አይሰማውም። ባለ ሲነስቴዥያው ግን ቀለሙን ፈልጎ አያመጣውም፤ ሊያስቀረውም አይችልም። ፊደሉን ባየ ቁጥር ይመጣል። ጥቂቶቹ ቀለሙን በወረቀቱ ላይ እንደተነጠፈ ሆኖ ያዩታል፤ አብዛኞቹ ደግሞ በዐይነ ኅሊናቸው። ሁለቱም ግን የታተመው ቀለም ጥቁር መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ።

ስለ ክስተቱ የተጻፈው እስካሁን የሚታወቀው የመጀመሪያ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1812 ጌኦርግ ሳክስ የተባለ ሐኪም ለዶክትሬት ያቀረበው ጽሑፍ ነው። ሳክስና እኅቱ ቆዳቸውና ፀጉራቸው ቀለም አልባ ሆኖ የተወለዱ ነበሩ፤ ጽሑፉም ስለዚሁ ነው። ፊደላት፣ ቁጥሮችና የሳምንቱ ቀናት በቀለም እንደሚታዩት የገለጸው በመሀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ደግሞ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ቁጥሮችን በቦታ ተደርድረው የሚያዩ ሰዎችን መግለጫ ሰብስቦ አሳተመ፤ ክስተቱ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገም መሆኑንም አስተዋለ።

ከዚያ ግን ጉዳዩ ለአሥርተ ዓመታት ተዳፈነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሥነ ልቦና ሳይንስ በውጭ የሚታይን ባሕርይ ብቻ ወደማጥናት ሲያዘነብል፣ ሰው ስለ ውስጡ የሚናገረው እንደ ማስረጃ መቆጠሩ ቀረ። እርምጃው ያለ ምክንያት የተወሰደ አልነበረም። ይሁንና መለኪያ ያልተገኘለትን ነገር እንደሌለ መቁጠር ሌላ ስሕተት ነው፤ በዚህም ብዙ ሰዎች «የምታየው የለም» ተብለው ቀርተዋል።

መለኪያው ሲገኝ ግን አስገራሚ ቀላል ሆነ፤ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀትና ትዕግሥት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እንግሊዛዊው ሳይመን ባረን-ኮኸንና ባልደረቦቹ ባለ ሲነስቴዥያዎችን ለእያንዳንዱ ቃልና ፊደል ቀለሙን እንዲናገሩ ጠይቀው መልሱን መዘገቡ፤ ከረጅም ጊዜ በኋላም ሳያስጠነቅቁ ያንኑ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ዘጠኙ ባለ ሲነስቴዥያዎች ከአንድ ዓመት በኋላ 92.3 በመቶ የሚሆነውን መልሳቸውን ደገሙት። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ሌሎች ሰዎች ከአንድ ሳምንት በኋላ ብቻ ተጠይቀው የደገሙት 37.6 በመቶውን ነው። ያውም ባለ ሲነስቴዥያዎቹ የሚሰጡት መልስ «አረንጓዴ» የሚል ብቻ አይደለም፤ የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደደመቀና እንደሚያብረቀርቅ ጭምር ነው።

ተጠራጣሪ ግን ይህ ጥሩ የማስታወስ ችሎታ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ይከራከራል። ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና መጣ። አምስት ቁጥር አረንጓዴ ለሆነለት ሰው በቀይ ቀለም የታተመ አምስት ቀርቦለት የታተመበትን ቀለም ፈጥኖ እንዲናገር ሲጠየቅ ይዘገያል፤ በአረንጓዴ ሲቀርብለት ግን ይፈጥናል። የራሱ አረንጓዴ ሳይጠራ መጥቶ መንገድ ይዘጋበታል። እንዲህ ያለውን በሺኛ ሰከንድ የሚለካ መዘግየት ሆን ብሎ ማስመሰል ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ፈተና ይበልጥ ታዋቂ ቢሆንም ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2001 ቪላያኑር ራማቻንድራንና ኤድዋርድ ሃባርድ ማዕዘናማ በሆኑ አምስቶች መካከል የእነርሱ የመስታወት ምስል የሚመስሉ ሁለቶችን ሸሽገው አቀረቡ። ሁለቶቹ በአንድነት ሲታዩ ቅርጽ ይሠራሉ። ሌላው ሰው አንድ በአንድ ሲፈልግ ባለ ሲነስቴዥያው ቅርጹን ቶሎ ለየው። ውጤቱ በየመጽሔቱ ከተዛመተ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ጄሚ ዋርድና ባልደረቦቹ ሙከራውን በበዛ ቁጥር ሰው ላይ ደገሙት። ብልጫው እውነት ሆኖ ቢገኝም እንደተባለው ሰፊ አልነበረም፤ ቀለሙ የሚመጣው ዐይን ያተኮረበት ቁጥር ላይ እንጂ በገጹ ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ እንዳልሆነም ታየ። የሳይንስ ተማሪ ማስታወስ የሚገባው የመጀመሪያውን ደማቅ ውጤት ብቻ ሳይሆን ይህን ሁለተኛውንም ጭምር ነው።

ለመሆኑ ባለ ሲነስቴዥያዎች ስንት ናቸው? ቀድሞ በጋዜጣ ማስታወቂያ እየተጠሩ ሲቆጠሩ ከ2,000 ሰው አንድ ገደማ እንደሆኑና ሴቶች በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጁሊያ ሲምነርና ባልደረቦቿ ፈቃደኛ መጥቶ እስኪናገር ሳይጠብቁ በስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች 500 ሰዎችን ፈትነው 4.4 በመቶ አገኙ፤ የሴትና የወንዱ ቁጥርም ተቀራራቢ ሆነ። እንግዲህ የቀድሞው ልዩነት በአመዛኙ ማን ለመናገር ይደፍራል የሚለውን ሳይለካ አልቀረም።

በአንጎል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ሁለት ዋና ዋና መላ ምቶች ቀርበዋል። የራማቻንድራንና የሃባርድ መላ ምት፣ በአንጎል የታችኛው ክፍል በፊውዚፎርም ጋይረስ አካባቢ የፊደልን ቅርጽ የሚለየውና «ቪ-4» የተባለው ቀለምን የሚያስተናግደው ቦታ ጎረቤታሞች በመሆናቸው በመካከላቸው የሚበዛው የነርቭ ግንኙነት ክስተቱን ያመጣል የሚል ነው። ሕፃን ሲወለድ የአንጎሉ ትስስር ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ በዕድገት ሂደት ትርፉ እየተገረዘ ይሄዳል። ምናልባት በባለ ሲነስቴዥያዎች ዘንድ ከሚገረዘው የቀረ አለ። ሁለተኛው መላ ምት ደግሞ ትስስሩ በሁላችንም አለ፣ በእኛ ዘንድ ታፍኖ በእነርሱ ዘንድ ግን ክፍት ነው ይላል። ሃሺሽን ያልነካ ነገር ግን ኤል.ኤስ.ዲ. የወሰደ ሰው ለጥቂት ሰዓታት ድምፅን በቀለም ማየቱ ይህን ሁለተኛውን የሚደግፍ ይመስላል፤ አዲስ ነርቭ በሰዓታት አይበቅልምና።

እ.ኤ.አ. በ2002 ጁሊያ ነንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ቃል ሲሰሙ ቀለም የሚያዩ ሰዎች በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ውስጥ ሆነው ቃላትን ሲሰሙ የቀለም ቦታቸው ሲሠራ ታይቷል። ቃልን ከቀለም ጋር እንዲያያይዙ የሠለጠኑ ሌሎች ሰዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 ሁፔና ዶዣ የተባሉ ፈረንሳውያን የመስኩን የአንጎል ምስል ጥናቶች ገምግመው ውጤቶቹ እርስ በርስ የማይጣጣሙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ክርክሩ አላበቃም።

የዘር ድርሻ መኖሩ አያጠራጥርም። ጸሐፊው ቭላዲሚር ናቦኮቭ በሰባት ዓመቱ ገደማ ፊደል በተጻፈባቸው ኩቦች ሲጫወት ቀለማቸው ሁሉ ስሕተት መሆኑን ለእናቱ ነገራት። እናቱ አልተገረመችም፤ ለእርሷም ፊደላት ቀለም ነበራቸውና። ነገር ግን አንዳንዶቹ ቀለማት ከእርሱ ጋር ቢገጥሙም ሌሎቹ አልገጠሙም። የሚወረሰው ዝንባሌው እንጂ ቀለሙ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ቀለሙ ከየት ይመጣል? በአሜሪካ ዊትሆፍት፣ ዊናወርና ኢግልማን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ከ6,588 ባለ ሲነስቴዥያዎች መካከል 6 በመቶው ቀለማቸው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ይሸጥ ከነበረ ባለ ቀለም የማግኔት ፊደል መጫወቻ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ፤ መጫወቻው በተመረተባቸው ዓመታት አካባቢ ከተወለዱት ውስጥ ደግሞ እስከ 15 በመቶ ደርሷል። የልጅነት ማቀዝቀዣ በር ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል ማለት ነው።

የእኛ ፊደል በዚህ ረገድ የተለየ አጋጣሚ ይሰጣል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነው ቅርጻቸው ሦስት ነው፤ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐም እንዲሁ። ቀለም የሚከተለው ድምፅን ከሆነ ሦስቱ አንድ ቀለም፣ ቅርጽን ከሆነ ሦስት ቀለም ሊሆኑ ይገባል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለት የአጻጻፍ ዓይነቶች ድምፃቸው አንድ ሲሆን ቀለማቸውም ተቀራራቢ ሆኗል፤ ይህ ለድምፅ ያደላል። ደግሞስ መደቡ ለ ሆኖ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ሲባል ሰባቱ የአንድ ቤተሰብ ቀለም በተለያየ ድምቀት ይኖራቸዋል ወይስ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይወጣል? እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ሌላ ጥናት በእንግሊዝኛ፣ በደች፣ በስፓኒሽ፣ በጃፓንኛና በኮሪያኛ የፊደል ገበታው የመጀመሪያ ሆሄ ወደ ቀይ ያደላል። በሀ ሁ የጀመረ ልጅና በአቡጊዳ የደገመ ልጅ ቀዩን ለየትኛው ይሰጡ ይሆን? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የሚጠይቅ ጥያቄ ማግኘት ያዳግታል።

ከሲነስቴዥያ ጋር መኖር ምን ይመስላል? ብዙዎቹ ልዩ መሆናቸውን የሚያውቁት በአጋጣሚ ነው፤ ጓደኛቸውን «ያንተ ማክሰኞ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብለው ጠይቀው መልስ ሲያጡ። ሁሉም ሰው እንደነርሱ የሚያይ ይመስላቸው ነበር። የስልክ ቁጥርና የሰው ስም በቀለሙ ማስታወስ ይረዳቸዋል። እንግሊዛዊው ዳንኤል ታሜት ቁጥሮችን በቅርጽ የሚያይ ሲሆን እ.ኤ.አ. በማርች 14 ቀን 2004 የፓይን 22,514 አሃዞች በቃሉ ተናግሯል፤ ይህ ግን የተለመደ አይደለም፣ የአብዛኞቹ ብልጫ መጠነኛ ነው። ችግሩም አለ። ሁለት ስሞች አንድ ቀለም ሲኖራቸው ይምታታሉ። አስተማሪ በሰሌዳ ላይ «በተሳሳተ» ባለ ቀለም ጠመኔ የጻፈው ቁጥር ይረብሻል። ቃል ሁሉ ጣዕም ለሚያመጣበት ሰው ማንበብ ራሱ ሊያታክት ይችላል። ሌላ ሰው ሲነካ አይተው በራሳቸው ገላ ላይ የሚሰማቸውም አሉ፤ ለእነርሱ ፊልም ላይ የሚታይ ድብደባ ፊልም ብቻ አይደለም።

በልጅነት የጀመረ ሲነስቴዥያ ሕመም አይደለም፤ ሕክምናም አይሻም። ዕድሜ ከገፋ በኋላ በድንገት፣ ከራስ ምታት፣ ከጭንቅላት ጉዳት ወይም ከሚጥል በሽታ ጋር ቀለም መታየት ከጀመረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነውና ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ራሱን ወይም ጓደኛውን መፈተን የሚፈልግ አንባቢ 33ቱን የግእዝ መደብ ሆሄያት ቅደም ተከተላቸውን አዘባርቆ ይጻፍ፤ በእያንዳንዳቸው ጎን የመጣለትን ቀለም በተቻለ መጠን ዘርዝሮ ያስፍር። ያልመጣለትን ባዶ ይተወው። ወረቀቱን አሽጎ ለሌላ ሰው ይስጥ። ያ ሰው ከስድስት ወር በኋላ፣ ቀኑን ሳይነግረው፣ በሌላ ቅደም ተከተል ይጠይቀው። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመጀመሪያ የሚታዩት ሀ፣ ሐ እና ኀ ይሁኑ።