የልብ ድካም መጠይቆች ቋንቋ ሲቀይሩ

የልብ ድካም ያለበት ሰው በዓመት ውስጥ ሐኪም ፊት የሚቀመጠው ለጥቂት ሰዓታት ነው። በቀረው ጊዜ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ጨው መቀነስ፣ ክብደትን መከታተል፣ እግር ሲያብጥ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የታማሚውና የቤተሰቡ ሥራ ነው። ይህ ራስን መንከባከብ ይባላል። በየቤቱ ገብቶ ማየት ስለማይቻል ደግሞ ምን ያህል እንደሚፈጸም የሚታወቀው ታማሚውን በመጠየቅ ነው።

ለዚህ በብዛት የሚያገለግሉት ሁለት መጠይቆች ናቸው። አንደኛውን በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ፕሮፌሰር የነበሩት ባርባራ ሪግል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. አሳተሙት፤ በ2009 እና በ2019 ተሻሽሏል። ሁለተኛው ቲኒ ያርስማና አና ስትሮምበርግ ከሌሎች ጋር አዘጋጅተው በ2003 ያወጡት የአውሮፓ መጠይቅ ነው። 12 ጥያቄዎች ነበሩት፤ በ2009 ወደ 9 ወረዱ። የአውሮፓው ገና ሲፈተን በስዊድን፣ በኔዘርላንድስና በጣሊያን ታማሚዎች ላይ ስለነበር የትርጉም ጉዳይ አብሮት የተወለደ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ከአንድ ወጥመድ መጠንቀቅ አለበት። በአሜሪካው መጠይቅ ከፍተኛ ነጥብ መልካም እንክብካቤን ያሳያል፤ በአውሮፓው የመጀመሪያ አቆጣጠር ግን ዝቅተኛው ነጥብ ነው የተሻለው።

የትርጉሙ ሥርዓት የታወቀ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፣ ትርጉሞቹ ይታረቃሉ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ ይመልሰዋል፣ የባለሙያዎች ቡድን ያነጻጽራል። መልሶ መተርጎምን ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ካስፋፋው ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች እንደ ማረጋገጫ ማኅተም ያዩታል። ይህ ከአቅሙ በላይ ማመን ነው። ጎበዝ መልሶ ተርጓሚ የተበላሸውን ዓረፍተ ነገር ገምቶ ያቃናዋል፤ ቃል በቃል የተገለበጠ ጥያቄም አንድም ነገር ሳይጎድልበት ወደ መነሻው ሊመለስ ይችላል። የተሻለው ፈተና ጥቂት ታማሚዎችን አስቀምጦ እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር እንዲያስረዱ ማድረግ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩ ይመጣል፤ የረጅም ጊዜው ክርክርም ያለው እዚህ ነው። ሊ ክሮንባክ በ1951 ያስተዋወቀው አልፋ የተባለው መለኪያ የአንድ መጠይቅ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚገጣጠሙ ያሳያል። በልማድ 0.70 እና ከዚያ በላይ ካገኘ ይበቃል ይባላል። የተተረጎመ መጠይቅ ከዚያ በታች ሲሆን ጣት የሚቀሰረው በተርጓሚው ላይ ነው። ነገር ግን በ2004 የአሜሪካው መጠይቅ የእንግሊዝኛ ዋና ቅጂ ራሱ ስለ ዕለታዊ ጥንቃቄ በሚጠይቀው ክፍል ያገኘው 0.56 ነበር። ምክንያቱ ከቋንቋ ይልቅ ከራስ እንክብካቤው ባሕርይ ይመነጫል። ክኒኑን አንድ ቀን የማያዛንፍ ሰው ክብደቱን ተመዝኖ ላያውቅ ይችላል፤ ጨው የተወች ሴት እንቅስቃሴ ላታደርግ ትችላለች። እንዲህ ያሉ ልማዶች አንዱ ሌላውን ጎትቶ አያመጣም። ሪግል ከጣሊያናውያን የሥነ ልኬት ባለሙያዎች ጋር በ2014 ባወጡት ጥናት ይኸው ክፍል በውስጡ ከአንድ በላይ ገጽታ እንዳለው አሳዩ፤ አልፋን ብቻ ማየት እንደሚያሳስትም ተከራከሩ። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ግን ለዝርክርክ ትርጉም መሸሸጊያ እንዳይሆን የጥያቄዎቹ አሰላለፍ በዚያው ሕዝብ መረጃ ላይ በፋክተር ትንተና፣ ማለትም የትኞቹ ጥያቄዎች አብረው እንደሚሄዱ በሚያሳይ ስሌት፣ መፈተን ይኖርበታል። መጠይቁን ለዚያው ሰው ለምሳሌ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ማቅረብም ይረዳል። ሆኖም በልብ ድካም ሁለት ሳምንት ብዙ ነው፤ በመሐል ሆስፒታል የተኛና የተመከረ ሰው መልሱን ቢቀይር መጠይቁ ተሳሳተ ማለት አይደለም።

በአፍሪካ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ በ2012 የታተመው ጥናት 1,006 ታማሚዎችን ሲመዘግብ አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ገደማ ነበር። ሩማቲክ የልብ ሕመምም ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ነበር። መጠይቆቹ ሲዘጋጁ የታሰቡት የአውሮፓና የአሜሪካ ታማሚዎች ግን በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። «ክብደቴን በየቀኑ እመዘናለሁ» የሚለው ወደ አማርኛ ያለ እንከን ይገባል፤ ሚዛን በሌለበት ቤት ግን «አይ» የሚለው መልስ የሚናገረው ስለ ዕቃው እጦት እንጂ ስለ ቸልተኝነት አይደለም። የጨው ጥያቄም እንዲሁ ነው። ወጡ ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ድስት በሚሠራበትና ከአንድ ገበታ በሚበላበት ቤት ጨውን የሚወስነው ታማሚው ሳይሆን ወጥ ሠሪው ነው፤ ቡና በጨው የሚጠጣባቸው አካባቢዎችም አሉ፤ መጠይቁ ይህን አይጠይቅም። ማንበብ ለማይችል ሰው ጥያቄው በቃል ሲነበብለት ደግሞ አምስት የመስማማት ደረጃዎችን በአእምሮ ይዞ መምረጥ ይከብዳል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ጠያቂ ፊት «ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ» ማለትም ይቀላል። በጽሑፍ ተሞልቶ የተፈተነ መጠይቅ በቃል ሲጠየቅ እንደገና መፈተን ያለበት ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የመቁረጫ ነጥብ ነው። በአሜሪካው መጠይቅ ከ100 ነጥብ 70 እና ከዚያ በላይ ያገኘ በቂ እንክብካቤ ያደርጋል ተብሎ ይወሰዳል። ይህን ቁጥር ወደ ሌላ ቋንቋ ማሻገር የሚቻለው በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት እንክብካቤ የሚያደርጉ ሰዎች አንድ ዓይነት ነጥብ እንደሚያገኙ ሲታይ ነው። ይህ ሳይታይ የሁለት አገር ታማሚዎችን አማካይ ነጥብ አስተያይቶ «እነዚህ ከእነዚያ ይልቅ ራሳቸውን ይንከባከባሉ» ማለት መሠረት የለውም።