የጊት ጓዳ

ክረምት ላይ አምበር፣ እናቴ ቤት ሆኜ ስሠራ ኔትወርኩ ጠፋ ብዬ ሥራ አልፈታም። ጊት የፕሮጀክቱን ታሪክ በሙሉ ላፕቶፔ ላይ ስለሚይዝ ኮሚት ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልገኝም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 (እ.ኤ.አ.) እንደጀመረው ታውቃላችሁ፤ እሱን እንለፈው። እኔ የማወራው ማንም ስለማያመሰግነው ነገር ነው፦ ጊት አንዳንድ ፋይሎችን እንዳላየ እንዲያልፍ ስለሚነገርበት መንገድ።

ቦታው ሦስት ነው። ጊትኢግኖር ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ ከኮዱ ጋር ኮሚት የሚደረግ፣ የቡድኑ ሁሉ ዝርዝር ነው። ሁለተኛው በኮምፒውተራችሁ ላይ ላለ ፕሮጀክት ሁሉ የሚሠራ የግላችሁ ዝርዝር ነው። የማክ ተጠቃሚዎች፣ ያንን ዲኤስ ስቶር የሚባል ፋይል እዚህ ጻፉት፤ የጋራውን ዝርዝር በየግል ዕቃችሁ አታጨናንቁት።

ሦስተኛውን ነው የምወደው። በጊት ፎልደር ውስጥ፣ ኢንፎ ሥር የተቀመጠው ኤክስክሉድ የሚባል ፋይል ነው። የሚሠራው ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ነው፤ ፑሽ አይደረግም፣ ማንም አያየውም። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም፤ ኤክስክሉድ ጓዳ ነው። ብዙ ዓመት በጊት የሠራ ሰው እንኳ ከፍቶት ላያውቅ ይችላል።

እኔም የከፈትኩት «ማስታወሻ» የሚል የግል ፋይሌን ልደብቅበት ብዬ ነው። ጊት ስቴተስ ስል ግን በስሙ ፈንታ \341\210\233 ብሎ የሚጀምር የቁጥር ሰልፍ መጣ። ቁጥሩን እንዳለ ገልብጬ ኤክስክሉድ ውስጥ ጻፍኩት። ፋይሉ ከዝርዝሩ ንቅንቅ አላለም። ፊደላችንን አያውቅም ብዬ ጊትን ተቀየምኩት፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ያ ቁጥር የ«ማ» ሦስት ባይቶች ነው፤ ጊት ስክሪን ላይ ሲያሳይ ብቻ እንዲህ ይጽፋል። ኮር ኮትፓዝ የሚለውን ቅንብር ፎልስ ስታደርጉት ስሙ በአማርኛ ይታያል። ዝርዝሩ ውስጥም «ማስታወሻ» ብሎ በዩቲኤፍ-8 መጻፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ቁጣዬ። ፓስወርድ ያለበትን ፋይል ኮሚት አድርጎ ሲያበቃ ጊትኢግኖር ውስጥ የሚጨምር ሰው አያጣም፤ ከዚያ «አይሠራም» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሦስቱም ዝርዝሮች የሚሠሩት ጊት ገና መከታተል ላልጀመረው ፋይል ነው። የመዘገበውን ለማስረሳት ጊት አርኤምን ካሽድ ከሚለው አማራጭ ጋር ማዘዝ ግድ ነው፤ ፋይሉ እናንተ ዘንድ ይቀራል። ለውጡን ፑል የሚያደርግ ባልደረባችሁ ግን የእሱ ፋይል ይጠፋበታል፤ አስቀድማችሁ ንገሩት። ፓስወርዱም በድሮዎቹ ኮሚቶች ውስጥ እንዳለ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ዛሬውኑ ቀይሩት።

«አሹም-አንቼንጅድ አለልን» የምትሉም አላችሁ። እሱ ጊት ሥራውን እንዲያፋጥን «ይህን ፋይል አልነካውም» ብላችሁ የምትገቡለት ቃል ነው፤ መደበቂያ አይደለም። የጊት መመሪያም ለዚህ አትጠቀሙበት ይላል። የሚሻለው የቅንብር ፋይሉን ናሙና ኮሚት አድርጎ፣ እውነተኛውን በሌላ ስም ማስቀመጥና ያንን ስም ጓዳው ውስጥ መጻፍ ነው።

ግራ ሲገባችሁ ጊት ቼክ-ኢግኖርን ከሰረዝ ቪ ጋር ጠይቁት። የትኛው ዝርዝር፣ ስንተኛው መስመር ፋይሉን እንዳስቀረው ይነግራችኋል። ያን ቀን ስለ «ማስታወሻ» ብጠይቀው ኖሮ ዝም ይለኝ ነበር። ዝም ካለ አልደበቀውም ማለት ነው፤ ከመቀየሜ በፊት ብጠይቀው ይሻለኝ ነበር።