የሐምሌ ውኃ ወዴት ይሄዳል?

በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ማለት 10,000 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሆነ የሐምሌ ዶፍ 300,000 ሊትር ያወርዳል። የልማት ሠራተኛው ስለ እርከን ከመናገሩ በፊት ከገበሬው ጋር ሊወያይበት የሚገባው ጥያቄ፣ ይህ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ወደ መሬት ከሰረገው ውኃ ከፊሉን ሰብሉ በሥሩ መጥጦ በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይመልሰዋል፤ ከፊሉ ወደ ጥልቁ ወርዶ በበጋ ከተራራው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። መሬቱ ያልተቀበለው ጎርፍ ይሆናል፤ ጎርፍ ደግሞ ባዶውን አይሄድም። የዓባይን ሸለቆ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ከ1,000 ሜትር በላይ ያጎደጎደው ይኸው ወራጅ ውኃ ነው። ሱዳን ውስጥ በዓባይ ላይ የተሠራው የሮዜሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተጠናቀቀ በኋላ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የውኃ መያዣው ሲሶ ያህል በደለል ተሞላ። ግድቡን ከፍ የማድረጉ ሥራ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

የዚያ ደለል አንዱ ምንጭ የጤፍ ማሳችን ነው። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ማሳው አራት አምስት ጊዜ ታርሶ ይለሰልሳል፤ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ግን መሬቱን የሚሸፍን ቡቃያ ገና የለም። ጠብታው ራቁቱን አፈር ሲመታው ጓሉ ይፈርሳል፤ ደቃቁ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ ከሥር ደረቅ የሆነ መሬት እንኳ ውኃ አልቀበልም ይላል። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ 12 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በዓይን ግን አይታወቅም። ገበሬው «መሬቱ ደከመ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

ገበሬው የሚያወጣው ፈሰስ ትርፍ ውኃን ስለሚያስወግድ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ቁልቁል ከተቀደደ የላይኛው ገበሬ ፈሰስ ለታችኛው ቦረቦር ይሆንበታል። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ በዓይን ግምት አስቆፍሬ ነበር። ተዳፋቱ በዝቶ ኖሮ ክረምቱ ሳያልቅ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ሆነና የአንዲት እናት የገብስ ማሳ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ውኃው መንገድ አልነበረውም፤ አንተ ጠረግህለት» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ምልክት ያላቸው ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎና ውኃ ልክ ሳልይዝ ቦይ አላስቀይስም። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ በየ10 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ዝናብ በሚያንስበት አካባቢ ግን ውኃው እዚያው እንዲሰርግ እርከኑ ያለ ተዳፋት ይቀየሳል። ሥራው የሚጀመረው ከላይ ከኮረብታው ነው። ከታች ጀምሮ የተሠራ እርከን በመጀመሪያው ዶፍ ሲደረመስ ብዙ ጊዜ አይተናል።

አስቸጋሪው ግን ቅየሳው ሳይሆን የውኃ መውረጃው በማን መሬት ይለፍ የሚለው ነው። ማኅበሩ ይህን በበጋ፣ የላይኞቹም የታችኞቹም ባሉበት ሊጨርሰው ይገባል። መሬቱን ለመውረጃ የሚለቀው ገበሬ በዚያ የሚበቅለውን ሣር ለከብቶቹ እንዲያጭድ ቢስማሙ አንዱ መፍትሔ ነው። መውረጃው ሣር ይዞ መጠንከር ያለበት ቦዮቹ ወደ እርሱ ከመከፈታቸው አንድ ክረምት አስቀድሞ ስለሆነ፣ ለሚመጣው ዓመት ቦይ ያቀደ ማኅበር የመውረጃውን ሣር በዘንድሮው ክረምት መትከል አለበት።