የሜዳ አህያዋ የስፓኝ ስም ከየት መጣ?

በስፓኝኛ የሜዳ አህያ «ሴብራ» ትባላለች። እንስሳዋ የአፍሪካ ብቻ ስለሆነች ስሟም ከአፍሪካ የሄደ ይመስላል፤ ብዙ መዝገበ ቃላትም ለረጅም ጊዜ ምንጩን ከኮንጎ ቋንቋዎች ሲቆጥሩት ኖረዋል። የጽሑፍ ማስረጃው የሚናገረው ግን ተቃራኒውን ነው። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ዲዮጎ ካዎ የኮንጎ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ የደረሰው በ1480ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ነው። «ሴብሮ» የሚለው ስም ግን በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን በወጡ የስፓኝና የፖርቱጋል የከተማ ሕጎች ውስጥ፣ ስለ ቆዳ በሚደነግጉ አንቀጾች ሳይቀር፣ ሰፍሮ ይገኛል። መርከበኞቹ ኮንጎን ከማየታቸው ከመቶ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ የተጻፈ ቃል ከኮንጎ ሊወሰድ አይችልም።

ታዲያ ስሙ የማን ነበር? ስፓኝና ፖርቱጋል በሚገኙባት በአይቤሪያ ሜዳዎች ይኖር የነበረ፣ ዛሬ ዘሩ የጠፋ የዱር እንስሳ ስም ነበር። የስፓኝ ንጉሥ ፊሊፔ 2ኛ በ1570ዎቹ ስለየከተማውና ስለየመንደሩ ባስጠየቁ ጊዜ፣ የቺንቺላ ከተማ ሰዎች ቀድሞ በአገራቸው «ኤንሴብራ» የሚባሉ እንስሳት እንደነበሩ መልሰዋል፤ አመድማ፣ መልካቸው የአይጥ ጠጉር የሚመስል፣ እንደ ባዝራ የሚያሽካኩ፣ በሩጫ ፈረስ የማይደርስባቸው። በስፓኝ የቴሩኤል አውራጃም ቫልደንሴብሮ፣ «የኤንሴብሮ ሸለቆ»፣ የተባለ መንደር እስከ ዛሬ አለ። የቋንቋ ሊቃውንት ስሙን የሚያደርሱት «የዱር ፈረስ» ከሚለው የላቲን ቃል፣ ከ«ኤኲፌሩስ» ነው። የ«ፍ» ድምፅ ወደ «ብ» መለወጡ የሚያጠራጥረው ሰው ካለ፣ እኛ እስጢፋኖስ የምንለውን ስም ስፓኞች «ኤስቴባን» እንደሚሉት ያስተውል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የአይቤሪያው እንስሳ አመድማ ከነበረ፣ ባለ መስመሯ እንስሳ ስሙን እንዴት ወረሰች? ሰው እንግዳ እንስሳ ሲያይ በሚያውቀው ይሰይመዋል። «የሜዳ አህያ» የሚለው የራሳችን ስም ምስክር ነው፤ አህያን ያነሣል እንጂ ስለ መስመሮቹ ምንም አይልም። መርከበኞቹም ያዩት በአገራቸው የሚያውቁትን ዓይነት፣ ያልተገራና ፈጣን የፈረስ ዘመድ ነበር። የአይቤሪያው እንስሳ ፈረስ ይሁን የዱር አህያ ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ፤ የስሙን ጉዞ ግን ይህ ክርክር አይለውጠውም። ጉዞው እኛንም ይነካል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ የሜዳ አህያ ልከው ነበርና፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዝርያው በፕሬዚዳንቱ ስም ተጠራ፤ በስፓኝኛም «የግሬቪ ሴብራ» ይባላል። ስሙን ለኮንጎ መስጠት አፍሪካን ማክበር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአፍሪካ ሕዝቦች ለእንስሳዋ ያወጡላትን ስሞች ይሸፍናል፤ አይቤሪያንም የጠፋ እንስሳዋን ዋና ማስታወሻ ይነሣታል።